ከጥቁሩ ጃንጥላ ሥር

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ፦ የአጎቴ የጄክ ሴንግ ቢጫ ጃንጥላ ከዛሬ ጀምሮ በክብር መሰናበቱንና በምትኩ ጥቁር ጃንጥላ መሾሙን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን።

ማስታወቂያውን ያሰማው ራሱ ጄክ ሴንግ ነው። ቁርስ ላይ፣ የሩዝ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ፣ ማንኪያውን እንደ ማይክሮፎን ይዞ፣ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ድምፅ ተውሶ። እኔ ሳቅሁ። እናቴ አልሳቀችም። አያቴ አ-ማ ለመሥዋዕት የተቀቀለውን ዳክዬ አንገት እያቃኑ ስለነበር ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሰው በዜና አንባቢ ድምፅ ከተናገረ ቀልድ ነው ብዬ የማምንበት ዕድሜ።

ጄክ ሴንግ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ፈረንጆችን ይዞ ባንኮክ መሃል ያለውን የኛን የቻይኖቹን ሰፈር ማዞር ነበር። ቢጫው ጃንጥላ ተዘርግቶ አያውቅም። እንደታጠፈ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ላብ ያጠመቃቸው ፈረንጆች ጫፉን እያዩ በያዋራት ጎዳና ግርግር መሃል ይከተሉታል። ዝናብ ቢመጣ አብሯቸው ይበሰብሳል እንጂ አይዘረጋውም። ባንዲራ ለዝናብ ተብሎ መጠለያ አይሆንም ባይ ነው።

የምንኖረው ታላት ኖይ በሚባለው መንደር፣ አሮጌ የሞተር ዕቃ ከወለል እስከ ጣሪያ በተከመረበት ሱቅ ውስጥ ነበር። ሱቁም፣ ጥርሳቸው ያለቀ ማርሾቹም፣ እኛም የአ-ማ ነበርን። አ-ማ የመኪና ማርሽ በእጃቸው አንስተው ብቻ ከየትኛው ሞዴል እንደወጣ ይናገራሉ፤ ሰውንም የሚመዝኑት እንደዚያው ነው፣ አንዴ አንስተው። አንዴ ከጣሉት ደግሞ ተመልሰው አያነሱትም።

ቀኑ የሰባተኛው ወር አጋማሽ ነበር። ሰባተኛው ወር ሙታን የዓመት ፈቃድ የሚወጡበት ነው። በሩ ይከፈትላቸዋል፣ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይመለሳሉ። ጠዋት ለቤተሰቡ ሙታን ቤት ውስጥ፣ መሠዊያው ፊት ገበታ ይዘረጋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወገን ለሌላቸው፣ ስማቸውን የሚጠራ ለጠፋ፣ ውጭ አስፋልቱ ላይ ይቀርባል። የውጭዎቹ ይጋፋሉ፣ አንዱ ከአንዱ አፍ ይነጥቃል ይሉ ነበር አ-ማ፣ ልክ የቅናሽ ሽያጭ ላይ እንዳዩዋቸው ሁሉ። የወሩን ሕግም አስተምረውኛል። ከኋላሽ ስምሽን ቢጠሩሽ አትዙሪ። መሬት የወደቀ ሳንቲም አታንሺ። ቤት ውስጥ ጃንጥላ አትዘርጊ፤ ከሥሩ ማን እንደሚገባ አታውቂም።

ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ጄክ ሴንግና እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩ ከደረጃው ላይ ሰምቻለሁ። ያላገባች መሠዊያው ላይ አትወጣም ብለዋል፣ አለቀ፣ አለች እናቴ። ታዲያ መንገድ ላይ ትብላ፣ ከማንም ጋር እየተጋፋች፣ አለ እሱ። እናቴ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ እንዴ አለችና ድስቱን ከደነችው። እኔ ስለ ድመታችን የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት መሠዊያው ላይ ወጥታ ዓሣ ሰርቃለች። ለዚህ ግን ባል ማግባት ለምን እንዳስፈለጋት አልገባኝም።

በዚያ ጠዋት አ-ማ ከእግሬ ሥር አንሡልኝ አሉ፣ እኔን ማለታቸው ነው። ጄክ ሴንግ እጄን ያዘ። ፈረንጆቹን ከማግኘታችን በፊት ከወንዙ ማዶ አንድ እንግዳ መቀበል አለብን አለኝ።

ማዶ የሄድነው ሆስፒታል ነው። በዋናው በር ሳይሆን በጓሮ፣ የቆሸሸ አንሶላ የጫኑ ጋሪዎች በሚወጡበት በኩል ቆምን። ሰማዩ አንድ ደመና አልነበረበትም። አጎቴ አንድ ረጅም የዕጣን እንጨት ለኮሰና ጥቁሩን ጃንጥላ ዘረጋው። እሱ ጃንጥላ ሲዘረጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የያዘው ግን ከራሱ በላይ አልነበረም። ወደ ጎኑ አድርጎ፣ ሌላ ሰው ያስጠለለ ይመስል። እሱ ፀሐይ ላይ፣ ጥላው ባዶው ላይ።

“መጣሁልሽ፣ እንሂድ” አለ።

ነጭ የለበሰች ነርስ ከውስጥ ስትወጣ ጃንጥላውን አየች። አንገቷን ሰበር አድርጋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። የለቀቀችው መንገድ ለአንድ ሰው ይበዛ ነበር።

እንግዳዋ የታለች ብዬ ጠየቅሁት። “መጣች” አለ።

ጀልባው ላይ ለእኔ፣ ለራሱና ለአንድ ተጨማሪ ሰው ከፈለ። ትኬት ቆራጩ ጃንጥላውን አየና ሦስት ቆረጠ። ጀልባው የበዓል ቀን ነውና ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው በሰው ላይ ቆሟል። ከጃንጥላው ሥር ያለው መቀመጫ ላይ ግን ማንም አልተቀመጠም። ማንም አትቀመጡ አላለም፤ ዝም ብሎ ማንም አልተቀመጠም። መሃል ወንዝ ስንደርስ አጎቴ ቀስ ብሎ፣ በእኛ በቻይኖቹ ቋንቋ፣ በቴዮቹ፣ “ውሃ ነው። አትፍሪ” አለ።

“አልፈራሁም” አልኩት።

“አንቺን አይደለም።”

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በሌላኛው ጎኑ ሆኜ ሄድኩ።

አጎቴን ጋኔን እንደያዘው ያወቅሁት እዚያ ነው። ሴት ጋኔን። የዓመት ፈቃዷን በአጎቴ ላይ የምታሳልፍ። ወሩ ከገባ ጀምሮ አ-ማ የነገሩኝ ሁሉ ልክ ነበር፣ እሱ ግን ቁርስ ላይ ቀልድ እያወራ ሕጉን ሳይሰማ ቀርቷል። ማን እንደነበረች የነገረችኝ እናቴ ናት፣ ጥቂት ካደግሁ በኋላ፣ ልብስ ስንጨምቅ። ጊምላን ትባላለች። የአባቴና የጄክ ሴንግ ታናሽ እህት፣ የአ-ማ የመጨረሻ ልጅ። ሚስት ያለውን ሰው ተከትላ ከቤት ወጣች፤ አ-ማ ፎቶዋን አወረዱ፤ ሰውዬው ወደ ሚስቱ ተመለሰ፣ እሷ ግን አልተመለሰችም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ እዚያ ሆስፒታል ሞተች። እኛ ዘንድ ደግሞ ሳታገባ የሞተች ሴት የአባቷ ቤት መሠዊያ ላይ ቦታ የላትም። የምትበላው ውጭ፣ አስፋልቱ ላይ ነው፣ ከሚጋፉት ጋር።

የአበባ ገበያው አጠገብ አራት ፈረንጆች ይጠብቁን ነበር፤ ሆላንዳዊ ባልና ሚስት፣ እንዲሁም ሰፊ ባርኔጣ የደፉ ሁለት አውስትራሊያዊ እህትማማቾች። ቢጫ ጃንጥላ ፈልጉ ተብለው ስለነበር በጥቁሩ ተጠራጠሩ። ጄክ ሴንግ የቁርሱን ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ ደገመላቸው። ሳቁ። የሚጨሰውን የዕጣን እንጨት ለሆላንዳዊቷ ሰጣትና እስከ መጨረሻው ሳይጠፋ መያዝ የዛሬ የክብር ድርሻዋ መሆኑን ነገራት። በሁለት እጇ ያዘችው። ባሏ ፎቶ አነሳት።

ከአበባ ገበያው ወደ ጠባቡ የሳምፔንግ ገበያ ለመግባት ቦዩን መሻገር ያስፈልጋል። ውሃው የሞተር ዘይት ይመስላል፣ ድልድዩ ደግሞ ሱቅ የበዛበት ስለሆነ ካልነገሩህ ድልድይ መሆኑን አታውቅም። አጎቴ መግቢያው ላይ ቆመ። ድልድይ ነው፣ እንሻገራለን አለ ወደ ጥላው። ከዚያ ግን አልተንቀሳቀሰም። አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ የጎተተው ይመስል ነበር።

ሁለት ሳንቲም አውጥቶ መሬት ላይ ጣለ። ይህን ከቤተ መቅደስ አውቀዋለሁ። አንዱ ዘውድ፣ ሌላው ጎፈር ከሆነ እሺ ማለት ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ እምቢ። ሁለቱም ዘውድ ሆኑ። አነሳና ደግሞ ጣለ። እምቢ። ደግሞ ጣለ። እምቢ። ለፈረንጆቹ የቦዩን መንፈስ ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው አላቸው፣ እነሱም የስፖርት ውድድር እንደሚያይ ሰው በየውርወራው ኡ ይሉ ነበር። ሆላንዳዊው ምናልባት ሳንቲሞቹ ይሆናሉ ብሎ የራሱን አበደረው። በእሱም እምቢ። ከኋላችን ጨርቅ የተሸከመ ሰው መንገድ ልቀቁ እያለ ይጮህ ጀመር፤ የአጎቴ ሸሚዝ ከጀርባው ተጣብቋል። ፊቱን ሳየው ቀልድ የሚባል ነገር አልነበረበትም። አንድን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ የሚለምን ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ ቁጢጥ አለ። አፉን ወደ ጥላው አስጠጋና የሆነ ነገር አንሾካሾከ። አጭር ነበር። ሳንቲሞቹን ጣለ።

አንዱ ዘውድ፣ አንዱ ጎፈር።

ፈረንጆቹ አጨበጨቡ።

ሳምፔንግ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ነው የሚሄደው፤ ሪባን፣ አዝራር፣ የፀጉር ማስያዣ፣ ጋሪ፣ የጋሪ ስድብ። ጄክ ሴንግ ሁልጊዜ የሚያቆማቸው ወርቅ ቤቶቹ ጋ ነበር፤ ኮሚሽኑ እዚያ ነዋ። ያን ዕለት ወርቅ ቤቶቹን ዞር ብሎ ሳያይ አለፈና አንድ የተዘጋ የአዝራር ሱቅ ፊት አቆማቸው። ቀጥሎ ድሮ ሲኒማ ቤት የነበረ የመኪና ማቆሚያ ፊት። በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ አሁን ወደ ግራ እንታጠፋለን ይላል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቋንቋችን ይደግመዋል፤ ወሬም ይጨምርበታል። አዝራር ሻጩ ሞተ፣ ልጁ ሱቁን ሸጠው። እዚህ ደረጃ አለ፣ ቀስ በይ። ሲኒማውን አፈረሱት፣ እኔም አልደገፍኩም። ፈረንጆቹ በየመታጠፊያው አመሰግናለሁ ይላሉ።

ዛሬ ሳስበው ብልጠቱ ያስደንቀኛል። ከቤቱ ውጭ የሞተን ሰው ነፍስ ወደ ቤት የሚያመጣ ሰው በጥቁር ጃንጥላ ከፀሐይ ይከልላታል፤ መታጠፊያና ድልድይ በደረሰ ቁጥር ይነግራታል፤ አለዚያ ትጠፋለች። ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ እያደረገ የያዋራትን ጎዳና ቢያቋርጥ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወሬው አ-ማ ጆሮ ይገባል፣ በሩም ተቆልፎ ይጠብቀዋል። አስጎብኚ ግን ጃንጥላ ይዞ መታጠፊያ ቢለፍፍ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ደሞዝ የሚበላበት ሥራው ነው።

ያኔ ግን እኔ የማየው ሌላ ነበር። ጋኔኗ ሰፈራችንን መንገድ በመንገድ እያስጠናችው መሰለኝ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ብቻዋን እንድትመጣ።

የሾርባ ኑድል የበላነው ሄያ ቱ የሚባል ወፍራም ሰውዬ ጋ ነው። የእሱ ኑድል በቁንዶ በርበሬው ሰውን ያስነጥሳል። አጎቴ ለሁላችንም አዘዘና አንድ ጨመረ። አንዱን ያለ ድንብላል ቅጠል አድርገው፣ ቁንዶ በርበሬውን አብዛው አለው። ሄያ ቱ ጭልፋውን አየር ላይ አቆመ።

“እንዲህ የምትበላ አንዲት ልጅ ነበረች” አለ።

“ነበረች” አለ አጎቴ።

ሄያ ቱ ሳህኑን ራሱ አመጣው፣ በርጩማውን በጨርቁ ጠረገው፣ የጃንጥላው ጥላ ሥር አስቀመጠው። ትልቋ አውስትራሊያዊት ልትቀመጥበት ስትል አጎቴ በትሕትና ተይዟል አላት። እሷም ባዶውን በርጩማ ይቅርታ ጠየቀች። ይህን ስታደርግ የሳቀ ሰው አልነበረም፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሁላችንም ስንጨርስ ያ ሳህን እንደቀረበ ነበር። አጎቴ አይጣልም፣ ጨርሺው ብሎ ወደ እኔ ገፋው። ሾርባው በቁንዶ በርበሬ ጠቁሯል። ቀመስኩት። ምንም ጣዕም አልነበረውም። ጨው የለውም፣ አያቃጥልም፣ የሥጋ ሽታ እንኳ የለውም፤ ሞቅ ያለ ውሃ። ሙታን የበሉት ምግብ እንደዚያ እንደሚሆን አ-ማ ነግረውኛል። እናቴ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዞሽ ነበር ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይዞኝ ነበር። የራሴ ሳህን ግን ምላሴን ለብልቦኛል።

ታላት ኖይ ስንደርስ አጎቴን ማዳን የሚችል አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ገብቶኝ ነበር። ቀድሜያቸው ሮጥኩ።

አ-ማ በራፉ ላይ ቆመው የውጭዎቹን ገበታ እያዘጋጁ ነበር፤ አስፋልቱ ላይ ጋዜጣ ተነጥፏል፣ ሩዙና ፍራፍሬው ተደርድሯል። እርስ በርስ ለሚጣሉት መናፍስት የሚረጨው ጨው በጎድጓዳ ሳህን ጎናቸው ነበር።

“አ-ማ፣ ጄክን ጋኔን ይዞታል። ከጃንጥላው ሥር ናት።”

ጨውን ዘገኑ። አ-ማ ጋኔን አለ ሲሏቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው የት ነው የሚል ነው። ይህንንም ጠየቁኝ፣ ከየት እንዳመጣትም። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከማዶ፣ ከሆስፒታሉ ጓሮ። ውሃ ትፈራለች። ድልድዩ ላይ አልመጣም ብላ ነበር። ኑድል በላች።

“ያለ ድንብላል” አልኩ፣ “ቁንዶ በርበሬው በዝቶ።”

ጨው የዘገነው እጃቸው ወደ ላይ እንደተነሳ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያዩት እኔን አልነበረም።

ጄክ ሴንግ በመንገዱ ጫፍ ታየ፤ ጃንጥላውን በጎኑ ዘርግቶ፣ ሙሉ በሙሉ በላብ ረጥቦ። ከኋላው አራቱ ፈረንጆች፣ ሆላንዳዊቷ የአውራ ጣት ያህል የቀረውን ዕጣን በእጇ ከልላ። ከፊት ለፊት ጎማ የሚሸጡት ሰዎች ጃንጥላውን አይተው ሥራቸውን አቁመው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ደግሞ አ-ማን እያየ ነበር። አጎቴ ደፉ ጋ ደርሶ ቆመ። በአንድ ጎኑ የቤታችን በር፣ በሌላው ጋዜጣው ላይ የተደረደረው ሩዝ።

“እማ፣ እንግዶች ይዤ መጣሁ” አለ።

አ-ማ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ በሞተር ዕቃ ነጋዴ ድምፃቸው፣ “ስንት ናቸው?” አሉ።

“እርስዎ ይቁጠሩ።”

አ-ማ ጣታቸውን አንስተው ቆጠሩ። ሆላንዳዊው፣ ሚስቱ፣ አንዷ ባርኔጣ፣ ሌላዋ ባርኔጣ። ጣታቸው ወደ ጃንጥላው ሄደና እዚያ ቆመ። ጋኔኗን እያነጣጠሩባት እንደሆነ፣ አሁን ጨውን እንደሚረጩ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ከአጎቴ ላይ ስትወጣ ላለማየት ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

“እግራቸው ደክሟል” አሉ አ-ማ። “ሁሉም ይግቡ። ማንም ውጭ እንዳይቀር።”

በቴዮቹ ነበር የተናገሩት። ከፈረንጆቹ አንድ ቃል የገባው አልነበረም፤ አጎቴም አልተረጎመላቸውም።

ጃንጥላውን እንደዘረጋ ገባ። ቤት ውስጥ፣ በሰባተኛው ወር፣ በአ-ማ ፊት። ጩኸታቸውን ጠበቅሁ። አ-ማ ግን ወደ ማርሾቹ ክምር ተጠጉና መንገድ ለቀቁ። የለቀቁት መንገድ ለአንድ ሰው ይበዛ ነበር። የዘገኑትን ጨው የሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

መሠዊያው ፊት ሲደርስ ጃንጥላው ታጠፈ። ሆላንዳዊቷ የቀረውን ዕጣን አመዱ ላይ ተከለች፣ ልክ ስትሠራው የኖረች ይመስል። አ-ማ ከመሠዊያው ጎን የተቀመጠውን፣ ከአንድ የሩዝ ጀልባ የወጣውን ትልቅ ሞተር በእጅጌያቸው ወለወሉትና አንድ ሳህንና ቾፕስቲክ አኖሩበት። እናቴ ከርቀት ታይ ነበር። “መሠዊያው ላይ አይደለም” አሉ አ-ማ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። እውነት ነው፤ ሕጉ ስለ መሠዊያው እንጂ አጠገቡ ስላለ ሞተር የሚለው የለም። ከዚያ ፈረንጆቹን ዳክዬ አበሏቸው፣ ፎቶም ለመነሳት እሺ አሉ። አ-ማ ለመጨረሻ ጊዜ ፎቶ የተነሱት ለመታወቂያ ነበር።

እኔ አያቴም መያዛቸውን አወቅሁ። ወሩ እስኪያልቅ ጨው ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ፤ በሞተሩ አጠገብ ሳልፍ ትንፋሼን እይዝ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ጠዋት ጠዋት አ-ማ ብቻቸውን እዚያ ቆመው ሲያወሩ አገኛቸው ነበር፤ የማርሽ ዋጋ፣ የጎማ ሻጮቹ ሐሜት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አ-ማ ካረፉ ዓመት አለፈ። ሞተሩ አልተሸጠም፤ የሚጠይቅ ሲመጣ ጄክ ሴንግ የተያዘ ነው ይላል። እሱ ሥራውን ትቷል፣ ጉልበቱ አላስኬድ ብሎት። ባለፈው እሑድ ስሄድ ከሱቁ ፊት ለፊት ተቀምጦ የተጠበሰ ለውዙን እየላጠ ነበር። ቢጫው ጃንጥላ በሩ ላይ ተሰቅሏል። ጥቁሩ የለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አላየውም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ነርሷ አወራን፣ ስለ ሄያ ቱ፣ ስለ ባርኔጣዎቹ። ሁሉንም ያስታውሳል፣ በሁሉም ይስቃል። ከዚያ ድልድዩን አነሳሁበት። ሳንቲሙ ደጋግሞ እምቢ ካለህ በኋላ ቁጢጥ ብለህ ምን አልካት፣ አልኩት። መላጡን አላቋረጠም።

“እማ ጠርተውሻል አልካት? ጄክ፣ ሳይጠሯት ጠርተውሻል ብለህ ነው ያመጣሃት?”

አንዱን ፍሬ ከልጣጩ አወጣ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና ሞተሩ ላይ ካለው ሳህን ውስጥ ጣለው። ተመልሶ ተቀመጠ።

“አልነግርሽም” አለ።